ሟቹና ስድስቱ ሽልማቶች

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ስለ ሥነ ጥበብ ጠይቁኝ አላልኩም፤ ግን ቤቴ ውስጥ ስላለ ሳልወድ በግዴ አውቃለሁ። የፊት ለፊቱ ክፍል የኔ ነው፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስተዋት፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ። የጀርባው ክፍል የታላቅ እህቴ የእታለም ነው፦ መቀስ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የተቀደደ ትኬት፣ ሙጫ፣ ደግሞም ሙጫ። ደንበኞቼ «ምንድነው የሚሸተው?» ሲሉኝ «አዲስ የመጣ የጢም ቅባት ነው» እላቸዋለሁ። አንድ ሁለቱ እንድገዛላቸው ለምነውኛል።

እታለም በቲያትር ቤቱ የልብስ ክፍል ስታገለግል ኖራ፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ሲላት ተሰናበተች። ሲሸኟት የግድግዳ ሰዓት ሰጧት፤ ያውም ባትሪ የሌለው። ቤት ይዛው ገባችና «ዕድሜዬን ሙሉ የንጉሥ ካባ ስሰፋ ኖሬ ለኔ የተረፈኝ ቆሞ የቀረ ሰዓት ነው?» ብላ ብልቱን አወጣችው። ከሰዓቱ ጥርሶች፣ ከካባ ትርፍራፊ፣ ከክርና ከመርፌ አንድ ሰሌዳ ላይ ለጣጥፋ የራሷን ፊት ሠራች። አፍንጫዋ ቁርጥ እሷን ነው፤ ግንባሯ ላይ ያለው ቁጣም አልቀረ። ቲያትር ቤት ያሉ ሰዎች ይህን አይተው «የዓመቱ የአርቲስቶች ሽልማት እንዲህ ይሁን» አሉ። ለካስ ዋንጫ ማሠራት ተወዶባቸው ኖሯል።

የተማሩት ኮላዥ ይሉታል። እኔ ልጥፍጥፍ እላለሁ፤ እሷም መቀሱን ታሳየኛለች።

እታለም አንድ ሕግ አላት፤ ሰውየው በእጁ ያልነካው፣ በገላው ያላረፈ ነገር ሰሌዳዋ ላይ አይወጣም። ስለዚህ በድብቅ ለቤተሰቡ ትልካለች፣ አፋቸውን እንዲይዙ ታስምላቸዋለች፣ እነሱም ከቤት ዕቃ ሹልክ እያደረጉ ያመጡላታል። ሚስቶች በዚህ ሥራ እንዴት ደስ እንደሚላቸው! አንዷ የባሏን ፒፓ ይዛ መጥታ «በደንብ አጣብቂው፣ ዳግም እንዳይነቀል» አለቻት። ሌላዋ አንድ የሐር ሸሚዝ አመጣች። ማን እንደገዛለት አልጠየቅንም፤ ብቻ መቀሱን ተቀብላ በገዛ እጇ ቆራረጠችው። የደራሲው ሚስት ደግሞ ጨምድዶ የጣላቸውን ረቂቆች አምጪ ብትባል «እሱ ምን ይጥላል? ሁሉንም ያሳትማል» ብላ ባዶ እጇን መጣች።

ከተሸለሙ በኋላ ያለውን ጣጣማ አታንሱት። አንድ መሪ ተዋናይ በማግስቱ ሜትር ይዞ መጥቶ «የአምናው ተሸላሚ ሰሌዳ ከኔ በጣት ይረዝማል» አለ። እታለም ከግርጌው እንጨት ጨምራ አስረዘመችለት፤ ከዚያ ወዲህ አንገቱም የረዘመ መሰለኝ። አንዷ ተዋናይት «ይሄ ሽብሽብ ምንድነው?» ብላ ጉንጯን እያሳየች አኮረፈች። «የመጋረጃ ጨርቅ ነው እኮ» ብትላት «ታዲያ መተኮስ አይቻልም?» አለቻት።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። የሽልማት ኮሚቴ የሚባል አለ። ሊቀመንበሩ ራሰ በራ ነው፤ ስለዚህ ደንበኛዬ አይደለም፤ ስለዚህ የፈለግኩትን ባወራ የሚቀርብኝ ነገር የለም። ኮሚቴው ድሮ የዕጩዎችን ስም በይፋ ያወጣ ነበር። አንድ ዓመት ግን ከታጩት አንዷ ሳትሸለም ቀርታ፣ ከተሸላሚው ጋር ፊት ለፊት አልተያይም አለች። ትርኢቱ የፍቅር ነበር። ፍቅረኞቹ ጀርባና ጀርባ ሆነው ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ ዕጩነት ምስጢር ሆነ፤ ማን ታጭቶ ማን እንደወደቀ ወፍ አታውቅም። ዕጩው ራሱም አያውቅም።

ታዲያ ኮሚቴው ተሸላሚውን የሚቆርጠው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። ልጥፍጥፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙጫው ንብርብር በንብርብር መድረቅ አለበት። ስለዚህ እታለም ለሦስቱም ዕጩዎች ትሠራለች። አንዱ ይሸለማል፤ የሁለቱ በጆንያ ተጠቅልሎ «ይቃጠል» ከሚል ትእዛዝ ጋር ይመለሳል። «የሰው ፊት አላቃጥልም!» አለች እታለም፤ ከኔ ክፍል ወደ ጓዳ በሚወስደው ጠባብ ኮሪደር ግራና ቀኝ ሰቀለቻቸውና ወፍራም መጋረጃ ጋረደችበት። ሽንት ቤቱ ያለው በዚያ በኩል ነው። እኔ በሄድኩ ቁጥር የከተማው ተሸናፊ ሁሉ አፍጥጦ ያየኛል።

እዚያ ኮሪደር ውስጥ እንደ ሟቹ ደጋግሞ የተሰቀለ የለም።

ሟቹ ያልነው በሁለተኛው ገቢር ስለሚሞት ነው። ምን ተውኔት ቢመጣ እሱ ሁለተኛው ገቢር ላይ ይሞታል። በመርዝ ሞቷል፣ በጦር ሞቷል፣ በጥይት ሞቷል፣ አንዴም በሳቅ ሞቷል። አሟሟቱን አይታችሁ ብትሆን! እኔ መቀስ ከያዝኩ ጀምሮ ስንቱን ጉድ ያየሁ ሰውዬ፣ በመርዙ ጊዜ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። ግን ምን ይሆናል፣ መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባውን የሚወስዱት እስከ መጨረሻው በሕይወት የቆዩት ናቸው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም። «ሟቹ ሻይ አዟል»፣ «ሟቹ ታክሲ አጣ» ይባላል፤ እሱም አቤት ይላል።

ይሄ ሰው በየዓመቱ ይታጫል፤ በየዓመቱም ይወድቃል። እሱ ግን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዕቃ እንደሚጠፋበት ብቻ ነው።

«ቤቴ ሌባ ገብቷል» አለኝ አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጦ።

«ምን ወሰደ?»

«ካልሲ።»

«ስንት ካልሲ?»

«የግራውን ብቻ። አምና የአንገት ልብሴን፣ ካቻምና ማበጠሪያዬን። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጨዋ ሌባ ነው» አልኩት። ከመጋረጃው ኋላ እታለም ስታስል ሰማሁ።

«ለሚስቴ ብነግራት "አንተው ዝርክርክ ሆነህ ነው" ብላ አፌን አስያዘችኝ።»

ጉድ እኮ ነው። የአንገት ልብሱንም ማበጠሪያውንም ካልሲውንም በጉያዋ ደብቃ ያመጣችልን እሷ ራሷ ናት።

ዘንድሮ ሽልማቱ ሲቃረብ መጥቶ ተቀመጠና በመስተዋቱ ውስጥ እያየኝ «ልተወው ነው» አለኝ።

«ምኑን?»

«መሞቱን። የሚስቴ ወንድም የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ሚስማርና ቀለም ልሸጥለት ነው። የሽልማቱን ዝግጅት ታድሜ እሰናበታለሁ።»

«አንተ! ምን አጠፋን?»

«ሰው አንዴ ሲሞት እንኳ ስሙ ይነሳል። እኔ ስንት ጊዜ ሞቼ አንድ ቀን "እሱስ?" ያለ የለም። ሽልማት አይደለም የምልህ። መታሰብ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን አስቦኝ እንደነበር ባውቅ፣ እስክጃጅ ድረስ ስሞትላቸው እኖር ነበር።»

ምላሴ አሳከከችኝ። ከመጋረጃው ኋላ የመቀሱ ድምፅ ቀጥ አለ። ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ዘልዬ ገባሁና «ንገሪው! ሰውየው ሊጠፋ ነው!» አልኳት።

«ምያለሁ» አለች። «ብናገር ኮሚቴው ዳግም ቁራጭ ጨርቅ አይሰጠኝም። ደግሞስ ዘንድሮ የሱ ነው። አብረውት ከታጩት አንዷ አምና ተሸልማለች፤ ሌላኛው ሥራውን ለቆ ሄዷል። ለማን ሊሰጡት ነው?»

እውነትም ሌላ ሰው አልነበረም። እታለም እንደዚያ ስትጠበብ አይቻት አላውቅም። የግራ ካልሲውን ተርትራ ክሩን ለፀጉሩ አደረገችው። ከሞተባቸው ልብሶች ሁሉ ቅንጣቢ አምጥታ ትከሻውን ሠራች። እስከ ዛሬ በሠራችለት ሁሉ ዓይኑን ጨፍና ነበር፣ ሟች አይደል? ዘንድሮ ግን ሚስቱ ያመጣችውን ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን አድርጋ ገለጠችለት።

በዋዜማው ጠዋት ሊቀመንበሩ መጣ። አንድ የመታወቂያ ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የቲያትር ቤቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ፎቶ ነው።

«ሰውየው ጡረታ ሊወጡ ነው» አለ። «ኮሚቴው ለሳቸው እንዲሆን ወስኗል።»

«መድረክ ላይ ወጥተው ያውቃሉ እንዴ?» አለች እታለም።

«እንዴታ! ንግግር አድርገዋል።»

«ተውነው ማለቴ ነው።»

«ንግግሩ እኮ ረጅም ነበር።» አላፈረም። «ደግሞ አትቸገሪ። የሟቹ ቆንጆ ሆኖልሻል አሉ፤ ፊቱን ብቻ ቀይሪው። ሌላው ይሆናል።»

«ልብሱ፣ ቁልፉ፣ ክሩ የሱ ነው እኮ፣ ጌታዬ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።»

«ከሩቅ ማን ያያል?»

እኔ አልቻልኩም። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አልኩ ከመጋረጃው ማዶ ጮክ ብዬ።

«ማነው ይሄ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ወንድሜ ነው፤ ፀጉር ይቆርጣል።»

ሰውየው ሳያስበው እጁን ወደ ራሱ ላከ። አይ ሰው! የሌለውንም ይሳሳለታል።

እታለም ግን «የሟቹን አልነካም» አለች። «ለምክትሉ የራሳቸውን እሠራለሁ። የነኩትን ዕቃ ዛሬውኑ ላኩልኝ።»

ከቢሯቸው አንድ ካርቶን መጣ። ሲከፈት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? መርቀው የቆረጡት ሪባን፣ የስብሰባ ባጆች ከነማንጠልጠያቸው፣ የማኅተም ቀለም የጠጣ ስፖንጅ፣ ከውሃ ጠርሙስ የተላጠ ወረቀት፣ መሐሉ የጎደጎደ የወንበር ትራስ። አንዳች የቲያትር ነገር የለበትም። እታለም ፀጉራቸውን ከጠርሙሱ ወረቀት፣ ጢማቸውን ከስፖንጁ፣ ደረታቸውን ከባጆቹ፣ አፋቸውን ከሪባኑ፣ ጉንጫቸውን ከትራሱ ሠራች። አልደርቅ ሲላት የፀጉር ማድረቂያዬን ወሰደች፤ የዚያን ቀን ደንበኞቼ ሁሉ በእርጥብ ራሳቸው ሄዱ። ያለቀውን ሳየው «አለቀልን፣ ይሄ ስድብ ነው፣ ሁለታችንንም ያሳስሩናል» አልኳት።

«ያመጡልኝን ነው የለጠፍኩት» አለች።

በዝግጅቱ ቀን ምክትሉ መድረክ ላይ ወጥተው ጨርቁ ሲገለጥላቸው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እኔን ነው! ቁርጥ እኔን!» አሉ። ሪባኑን በጣታቸው እየዳሰሱ የትኛውን ሕንፃ ሲመርቁ እንደቆረጡት አስረዱን፤ ከዚያ ባጆቹን አንድ በአንድ ተረኩልን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ሲሾሙም በሉ፣ ሲሻሩም ተሸለሙ። እኔ ዓይኔን ከሟቹ አላነሳሁም። ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሲወጣ «በሉ ደህና ሁኑ» ያለበት አነጋገር አልጣመኝም።

በማግስቱ ጠዋት መጣ። «ጢሜን ሙልጭ አድርገው» አለኝ። «ሚስማር ሻጭ ጢም አያስፈልገውም። ከሰዓት እጀምራለሁ።»

አረፋውን ቀባሁት። በግራ በኩል ላጭቼ ወደ ቀኝ ልዞር ስል «ለምክትሉ እንኳ ቁጭ ብለው አስበውላቸዋል» አለ። አልተናደደም። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር። «ደግ አደረጉ። ብቻ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ከግድግዳው ጋር ነው የኖርኩት ማለት ነው።»

መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። እታለም ቆማለች፤ መቀሷን እንኳ አልያዘችም።

«ና» አለችው።

«ወዴት?»

«ና ስልህ ና!»

በአንገቱ ዙሪያ ያሰርኩለትን ጨርቅ እንደለበሰ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተነስቶ ገባ። አምፖሉን አበራሁለት። ከነዘንድሮው ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም እሱ ናቸው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ወደ እታለም ዞረ።

«ለቀብሬ ነው?»

«ለሽልማትህ ነበር። ስድስት ዓመት በተከታታይ ታጭተሃል። ስድስቴም ለሌላ ሰጡት። እንዳቃጥላቸው ነው የታዘዝኩት፤ እንዳልናገርም ምያለሁ። ይኸው መሐላዬን በላሁ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

እኔ ለኮሚቴው የሚሆን ስድብ ቀምሜ ዝግጁ ነበርኩ። ሟቹ ግን ስለ ኮሚቴው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቀርቦ በጣቱ ፀጉሩን ነካ።

«ይሄ ካልሲዬ ነው።»

ወደ ሌሎቹ ሰሌዳዎች ተሻገረ።

«ይሄ የአንገት ልብሴ... ይሄ ማበጠሪያዬ...» ፊቱ ተለወጠ። «እሷ ናት ያመጣችልሽ?»

«እሷ ናት» አለች እታለም።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። እሷንም አስምያታለሁ።»

ሟቹ ግድግዳውን ተደገፈ። «በየዓመቱ የዝግጅቱ ዕለት ሱፌን ትተኩስልኛለች» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «"መተላለፊያው ዳር እንቀመጥ፣ ለመነሳት ይመቻል" ትለኛለች። ስም ሊጠራ ሲል ክንዴን ትይዘኛለች። የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ የምታጨበጭበው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት እላለሁ።» ከግድግዳው ቀና አለ። «ያ ሁሉ ጊዜ ስሜን እየጠበቀች ነበር?»

መልስ አልጠበቀም። አረፋውን ሳይጠርግ፣ ጨርቁ ከኋላው እየተውለበለበ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። አንድ መኪና ጥሩምባ አንባረቀበት። ቤታቸው ማዶ ነው። ወዲያው እጇን ይዞ እየጎተተ መጣ፤ ዕቃ ስታጥብ ነው መሰል እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው።

«ምን ሆነህ ነው? ማን ነው እንዲህ ግማሽ ያደረገህ?» ትላለች፤ እኔን በቁጣ ታየኛለች። ከዚያ የተከፈተውን መጋረጃ አየችና ቆመች።

«ነገርሽው?» አለቻት እታለምን።

«ዕጩነቱን እኔ ነገርኩት። ያንቺን ግን ካልሲው ነው የነገረው።»

ሴትዮዋ ዕቃውን ታመጣ ነበር እንጂ የተሠራውን አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ባሏ ኮሪደሩ ውስጥ አስገባትና የዘንድሮውን፣ ዓይኑ የተገለጠውን፣ ከሚስማሩ አውርዶ በሁለት እጁ ያዘው። መድረክ ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ሳይሞት ቀና ብሎ ሲቆም ሳየው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት» አለ፤ ያ በሁለተኛው ገቢር የሚጠፋው ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«አታሹፍብኝ፣ በሞቴ።»

«አላሾፍኩም። ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ ምንም እንደማታውቅ ሆነሽ ተጫወትሽ። እኔ ተዋናይ ነኝ ባዩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልነቃሁብሽም።»

እሷ ሰሌዳውን አልተቀበለችም። በሳሙናማ እጇ ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ደክሞኝ ነው» አለች። «መደብሩን ለወንድሜ የነገርኩት እኔው ነኝ። አንተ ተስፋ ስለቆረጥክ መስሎሃል፤ እኔ ነኝ የደከመኝ። ያንን ጭብጨባ ሌላ ዓመት ማጨብጨብ አልቻልኩም።»

ሟቹ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ለብቻው አጨበጨበላት። እታለም ተከተለች። እኔም ምላጩን ኪሴ ከትቼ አጨበጨብኩ፤ አለቀስኩም፤ ምን አገባችሁ።

ጭብጨባው ሲበርድ «ልተወው?» አላት። «አንቺ ተወው ካልሽኝ አሁኑኑ ሚስማሬን እሸጣለሁ። ከልቤ ነው።»

እሷ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ቀና ብላ ስድስቱንም አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አየቻቸው። ከዚያ ወደ እታለም ዞር አለች።

«እትዬ» አለቻት፣ «ለከርሞ ምን ላምጣልሽ?»